ሦስት ርዝመት ያለው አንድ ድምፅ አልባ ፊልም፣ ከፒያኖ የማይገጥም ኦፔራ፣ እግሩ የተቆረጠ ባሌት

ጥያቄው፦ «የፊልም ክበባችን ሦስት የማሳያ ምሽት እያዘጋጀ ነው። ለመጀመሪያው የጆርጅ ሜልዬስን የ1902 ጉዞ ወደ ጨረቃ አገኘን፤ ግን ሦስት ቅጂ ነው። አንዱ 9 ደቂቃ ተኩል፣ አንዱ 12 ደቂቃ ተኩል፣ አንዱ 16 ደቂቃ ይፈጃል። ያልተቆረጠው የትኛው ነው? ለሁለተኛው ምሽት ሶፊያ ሎረን ኢትዮጵያዊቷን ልዕልት ሆና የተጫወተችበት የ1953ቱ የኦፔራ ፊልም አይዳ አለን፤ ፒያኖ የሚጫወተው ጓደኛችን ግን ድምፁ ከፒያኖው ጋር አይገጥምም ይላል። ለሦስተኛው የባሌት ዳንሰኛዋን የጋሊና ኡላኖቫን የ1955 ሮሜዎና ጁልየት ይዘናል፤ በክበቡ ቴሌቪዥን ስንሞክረው የዳንሰኞቹ እግር ከታች ይቆረጣል። እነዚህን ማስተካከል ይቻላል?»

ሦስቱም ይስተካከላሉ። ከሜልዬስ ልጀምር፤ ዋናው ነገር እዚያ ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስቱ ቅጂዎች አንዱ ከሌላው የተቆረጠ ላይሆኑ ይችላሉ። ይልቅ አንድ ዓይነት ፊልም በሦስት ፍጥነት የተገለበጠ ይመስላል። ሂሳቡ ቀላል ነው። በ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ አንድ ጫማ ርዝመት 16 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ አንድ ሜትር ደግሞ 52 ተኩል ገደማ ፍሬም ይይዛል። ሜልዬስ ይህን ፊልም የሸጠው በ260 ሜትር ርዝመት ነው፤ ይህም 13,650 ፍሬም ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 24 ፍሬም ካሳዩት 9 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በ18 ፍሬም 12 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ፣ በ14 ፍሬም ደግሞ 16 ደቂቃ ከሩብ ይሆናል። የእናንተ ሦስት ቅጂዎች ማለት ነው። የድምፅ አልባ ዘመን ፊልም ርዝመት በሜትር የሚነገረውም ለዚህ ነው፤ ደቂቃው የሚታወቀው ፍጥነቱ ከተወሰነ በኋላ ነው።

መቆረጡን ለማወቅ ሰዓት ማየት ትታችሁ መጨረሻውን ተመልከቱ። ብዙ ቅጂዎች ተጓዦቹ ከተመለሱ በኋላ ያለው የአደባባይ ሰልፍና የሐውልት ምርቃት ትዕይንት የላቸውም፤ መንኮራኩሩ ከባሕር ሲወጣ ያበቃሉ። ሰልፉ ካለ ሙሉ ነው ማለት ትችላላችሁ። በመሃል የሚገቡ የጽሑፍ ካርዶች ካሉ ደግሞ ኋላ የተጨመሩ ናቸው፤ ፊልሙ ሲሠራ ካርድ አልነበረውም፣ በየአዳራሹ ታሪኩን በቃል የሚያስረዳ ሰው ይቆም ነበር። ካርዶቹና አዲሱ የስም ዝርዝር የሚወስዱትን ጊዜ ከጠቅላላው ላይ ቀንሱ፤ አለዚያ ሂሳቡ አይገጥምም።

ፍጥነቱ ለምን ተለያየ? የዚያ ዘመን ካሜራ በእጅ የሚዞር ነበር። በብዙዎቹ ካሜራዎች አንድ ዙር 8 ፍሬም ያሳልፋል፤ በሰከንድ ሁለት ዙር 16 ፍሬም ይሰጣል። አንዱ ካሜራ አዟሪ ፈጠን፣ ሌላው ዘገም ይላል፤ ፊልም መቆጠብ ያማረውም ቀስ ብሎ ያዞራል። በ1920ዎቹ ፍጥነቱ ወደ 20 እና ከዚያ በላይ ወጣ። 24 ሕግ የሆነው ድምፅ ሲመጣ ነው፤ ዓይን ትንሽ መዋዠቅን ይታገሣል፣ ጆሮ ግን የዘፋኝ ድምፅ ሲወዛወዝ ወዲያው ይሰማዋል። የቫይታፎን ኩባንያ ኦገስት 6 ቀን 1926 በኒው ዮርክ የቴነሩ ጆቫኒ ማርቲኔሊ ዘፈን ያለበትን ፊልም ሲያሳይ፣ ድምፁ የተቀዳው በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር በሚዞር ትልቅ ሸክላ ላይ ነበር። ሸክላ ማጫወቻውና ፕሮጀክተሩ በአንድ ሞተር ተያይዘው ይዞራሉ፤ ስለዚህ ፊልሙ በደቂቃ 90 ጫማ፣ ማለትም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ መሄድ ግድ ሆነበት። ከዚያ በኋላ የድሮዎቹም ፊልሞች በዚሁ መሣሪያ ስለታዩ ሰው ሁሉ የሚሮጥ መሰለ። የዘመኑ ተመልካች እንደዚያ አድርጎ አላያቸውም።

የዚህ ተቃራኒ ስህተትም አለ። ኤዲሰን በ1894 የቀረጻቸው የዳንስ ፊልሞች፣ የካርመንሲታና የአናቤል፣ በሰከንድ ከ30 በላይ ፍሬም የተነሡ ናቸው። እነዚህን አንዳንዱ «ድምፅ አልባ ፊልም 16 ነው» ብሎ ሲያዘገያቸው ዳንሰኛዋ ውሃ ውስጥ ያለች ትመስላለች። ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም።

አሁን ፋይላችሁን መርምሩ። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ክፈቱት፤ ሰው ወይም ጭስ ያለማቋረጥ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ አቁሙትና የእንግሊዝኛውን «ኢ» ቁልፍ እየተጫናችሁ ፍሬም በፍሬም ሂዱ። 24 ጊዜ ተጫኑ፤ በስንቱ ላይ ምስሉ በእርግጥ እንደተለወጠ፣ በስንቱ ላይ እንዳልተነቃነቀ ቁጠሩ። የቪዲዮ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ በ24 ወይም በ25 ስለሚሠራ፣ የ16ን ፍጥነት ለማግኘት የገለበጠው ባለሙያ አንዳንድ ፍሬሞችን ይደግማል። ሁለት አዲስ፣ አንድ ድጋሚ እያለ የሚሄድ ከሆነ 16 ነው። ሦስት አዲስ፣ አንድ ድጋሚ ከሆነ 18፤ አምስት አዲስ፣ አንድ ድጋሚ ከሆነ 20። ድጋሚ ከሌለ ፊልሙ በ24 እየሮጠ ነው፤ ማዘግየቱ የእናንተ ሥራ ይሆናል። ይህ የተቆጠረው ፋይሉ 24 ከሆነ ነው፤ 25 ከሆነ 25 ጊዜ ተጭናችሁ የተለወጡትን ቁጠሩ፣ ቁጥሩ ራሱ ፍጥነቱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ድጋሚ ፍሬም ያለበትን ቅጂ ዳግመኛ ያዘገየዋል፤ ሰዎቹም ተኝተው የሚራመዱ ይመስላሉ። ሌላው ችግር ሁለት ምስል እላይ በላይ ተደርቦ እንደ ጥላ የሚታይበት ፍሬም ነው። ይህ ቅጂ በማሽን የተቀላቀለ ነው፣ አይድንም፣ ሌላ ፈልጉ። በቅርብ ዓመታት በኮምፒውተር ቀለም ተቀብቶ ወደ 60 ፍሬም የተባዛውንም አታሳዩ። መሃል ያሉት ፍሬሞች በካሜራ አልተነሡም፤ የፊትና የእጅ ጠርዝ እንደ ሰም ሲቀልጥ ይታያል፣ ፍሬም መቁጠርም አይቻልም።

ድጋሚ የሌለውን ቅጂ ለማዘግየት የምትፈልጉትን ፍጥነት ለፋይሉ ፍጥነት አካፍሉ። ከ24 ወደ 16 ሲሆን 0.67፣ ወደ 18 ሲሆን 0.75፣ ወደ 20 ሲሆን 0.83። ፋይሉ 25 ከሆነ ለ16 የሚያስፈልገው 0.64፣ ለ18 ደግሞ 0.72 ነው። በቪኤልሲ ከታች በቀኝ ያለውን «1.00» የሚለውን ቁጥር ስትነኩ ማንሸራተቻ ይወጣል። በላዩ የተቀዳ ሙዚቃ ካለ ድምፁን ዝጉ፤ ሲዘገይ ይበላሻል።

16ም 18ም ቢቻል የቱ ይሻላል? ሰውነትን ጠይቁ። ጤነኛ አዋቂ ሲራመድ በሰከንድ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ ግን ዝላይ ነው፤ ስበትን ኮሪዮግራፈርም ሆነ ካሜራ አዟሪ ሊያዘው አይችልም። ወገቡ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ሰው አየር ላይ የሚቆየው ግማሽ ሰከንድ ነው፣ 45 ሴንቲሜትር ከሆነ 0.6 ሰከንድ። ጣቱ ወለሉን ከለቀቀበት ፍሬም እስከነካበት ያሉትን፣ ድጋሚዎቹን ትታችሁ፣ ቁጠሩ። በ30 ሴንቲሜትር ዝላይ 8 ፍሬም ካገኛችሁ ፊልሙ በ16 ተነሥቷል፣ 9 ከሆነ በ18፣ 12 ከሆነ በ24። ከፍታውን የምትለኩት በወገብ ነው፤ ዳንሰኛ አየር ላይ እግሩን ሲያጥፍ እግሩ ከሰውነቱ በላይ የወጣ ያስመስለዋል። የሰውየውን ቁመት 165 ወይም 170 ሴንቲሜትር ብላችሁ ስክሪኑ ላይ በማስመሪያ ካነጻጸራችሁ በቂ ነው። አንድ ፍሬም ብትሳሳቱ ውጤቱ በሁለት ስለሚዛባ አምስት ስድስት ዝላይ ለኩና አማካዩን ውሰዱ።

ለዚህ ፈተና የሜልዬስ ፊልም የተመቸ ነው። የጨረቃ ሰዎችን የተጫወቱት ፎሊ ቤርዤር የተባለው የፓሪስ ትርኢት ቤት አክሮባቶች ናቸው፤ ሲገለባበጡና ሲዘልሉ ፍሬማቸውን ቁጠሩ። ከ14 እስከ 16 ያለው ለዚህ ፊልም ይስማማዋል። እኔ የምመርጠው የተደራረበ ፍሬም የሌለበት ከሆነ የ16 ደቂቃውን ነው። ካለበት የ9 ደቂቃ ተኩሉን በ0.62 አዘግዩት፤ በሰከንድ 15 ይሆናል፣ 15 ደቂቃ ይወስዳል። በባርሴሎና በ1993 የተገኘውና በ2011 በካን ፊልም ፌስቲቫል የታየው በእጅ ቀለም የተቀባው ቅጂ እጃችሁ ከገባ ግን ሌሎቹን ተዉአቸው። ቀለሙ በየፍሬሙ በብሩሽ የተቀባ ስለሆነ ልብሱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ ስህተት አይደለም።

የዝላይ ፈተናው ባሌት ላይ ይበልጥ ይጠቅማል። የዴንማርኩ ፎቶግራፍ አንሺ ፔተር ኤልፌልት ከ1902 እስከ 1906 የኮፐንሃገን የንጉሣዊ ባሌት ዳንሰኞችን ቀርጿል፤ ከእነሱ መካከል ፊቷ ለትንሿ የባሕር ልጃገረድ ሐውልት አርአያ የሆነው ኤለን ፕራይስ አለች። ቅጂዎቹ ዝም ያሉ ናቸው፣ ሙዚቃው ግን ይታወቃል። ስለዚህ ሁለት ምስክር አላችሁ፤ ዝላዩ ፍጥነቱን ይነግራችኋል፣ ያንን ፍጥነት ይዛችሁ ሙዚቃውን ስታጫውቱ እግሩ ምቱ ላይ ካረፈ ሁለቱ ተስማምተዋል። ሙዚቃውን ብቻ ማመን አደገኛ ነው፣ አንድን ዳንስ አንዱ አጃቢ ፈጠን ሌላው ዘገም አድርጎ ይጫወተዋልና።

ከዚህ ሁሉ ኮሜዲን አውጡ። የማሳደድ ትዕይንት ሲነሣ ካሜራው ሆን ተብሎ በዝግታ ይዞር ነበር፣ ሲታይ እንዲፈጥን። ያንን ወደ ተፈጥሯዊ አካሄድ ብትመልሱት ሳቁን ትገድሉታላችሁ።

ኋላ ድምፅ አልባ የኦፔራ ፊልሞችንም ማሳየት ብትፈልጉ፣ «ኦፔራ ያለ ድምፅ ምን ይሆናል?» ለሚል መልሱ ኦርኬስትራ ነው። የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ኮከብ ጄራልዲን ፋራር በ1915 በሲሲል ቢ ዴሚል ካርመን ላይ ስትጫወት አንዲት ኖታ አልተቀዳችም፤ ሙዚቃው ከቢዜ ተቀናብሮ አዳራሽ ውስጥ ይጫወት ነበር። ሪቻርድ ስትራውስ የሮዘንካቫሊየር ፊልም ጃንዋሪ 10 ቀን 1926 በድሬስደን ኦፔራ ቤት ሲታይ ኦርኬስትራውን ራሱ መርቷል። የዚህ ፊልም የመጨረሻ ሪል (ጥቅል) ጠፍቷል፤ ያላችሁ ቅጂ መጨረሻው በፎቶግራፍ ከተሞላ ጉድለቱ ከዚያ የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም በቀጥታ ሙዚቃ ስታሳዩ ፍጥነቱን ከልምምዱ በፊት ወስኑና ከዚያ በኋላ አትንኩት።

ወደ አይዳ። ጓደኛችሁ ልክ ነው። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም ይነሣል፤ በአውሮፓም በእኛም አገር የለመድነው የፓል ቴሌቪዥን ደግሞ በ25 ይሄዳል። ፊልሙን ወደ ፓል ዲቪዲ ሲገለብጡ በቀላሉ በ25 ያስኬዱታል፤ በመቶ 4 ገደማ ይፈጥናል፣ የ120 ደቂቃ ፊልም 115 ይሆናል። በንግግር ፊልም ብዙ ሰው አያስተውለውም። በኦፔራ ግን ድምፁ በግማሽ ቶን ገደማ፣ በትክክል የግማሽ ቶን 0.7 ያህል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ሶፊያ ሎረን አፏን ትከፍታለች እንጂ የሚሰማው ድምፅ የኦፔራ ዘፋኟ የሬናታ ቴባልዲ ነው፤ ያንን ጥቁር ከፋይ የመሰለ ጉሮሮ አቅጥኖ ማሰማት ለዘፋኟም ለተመልካቹም በደል ነው።

ማረጋገጫው ይኸውላችሁ። የኦፔራው ጀግና ራዳሜስ መጀመሪያ ላይ የሚዘፍነው «ቼሌስቴ አይዳ» በቢ ፍላት ሜጀር ተጽፎ በከፍተኛው ቢ ፍላት ያልቃል። የስልክ ቲዩነር (የኖታ ከፍታ የሚለካ መተግበሪያ) ከፍታችሁ ያንን የመጨረሻ ረጅም ኖታ አሰሙት። ከ466 እስከ 470 ኸርዝ ከሆነ ደህና ነው፤ ከ440 ትንሽ ከፍ አድርገው የሚቃኙ ኦርኬስትራዎች አሉ። 485 አካባቢ ካሳየ ግን ቅጂው ተፋጥኗል፤ ፒያኖው ላይ ከቢ ፍላት በላይ፣ ከቢ በታች ያለ ስፍራ ነው፣ ለዚህም ነው ከአንዱም ቁልፍ ጋር የማይገጥመው። ሌላ ኦፔራ ስትፈትሹ ቴነሮች ዝቅ አድርገው የሚዘፍኑትን አርያ አትምረጡ። የትሮቫቶሬው «ዲ ኬላ ፒራ» እና የላ ቦኤሙ «ኬ ጄሊዳ ማኒና» ብዙ ጊዜ በግማሽ ቶን ይወርዳሉ፣ ያሳስቷችኋል።

ማስተካከያው 24 ሲካፈል ለ25፣ ማለትም 0.96 ነው። ቪኤልሲ ሲያዘገይ ግን በነባሪው የድምፁን ከፍታ ጠብቆ ያቆያል፣ እናንተ ደግሞ እንዲወርድ ትፈልጋላችሁ። ስለዚህ በማስተካከያው የድምፅ ገጽ ላይ ድምፅን በጊዜ የሚያስረዝመውን ምልክት አጥፉና ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱት። ከዚያ በ0.96 አጫውቱና ቢ ፍላቱን ዳግመኛ በቲዩነር ለኩ። ለማሳያው ምሽት ግን በቪዲዮ ማቀነባበሪያ ፍጥነቱን 96 በመቶ አድርጋችሁ፣ ከፍታ ጠብቅ የሚለውን አጥፍታችሁ፣ አዲስ ፋይል ብታወጡ ይሻላል። ማንሸራተቻ በስህተት የተነካ ዕለት ቴባልዲ ባሪቶን ትሆናለች።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ አሳታሚዎች ፍጥነቱን ጨምረው ከፍታውን ብቻ አስተካክለዋል፤ ቲዩነሩ 466 ካሳየና ፊልሙ ግን 25 ከሆነ፣ ከፍታ የሚጠብቀውን ምልክት አብርታችሁ አዘግዩት። በቴሌቪዥን ካሜራ ከመድረክ በቀጥታ የተቀረጸ ኦፔራ ደግሞ ከመነሻው 25 ስለሆነ ፈጽሞ አይዘገይም። እሱን የምትለዩት ፍሬም በፍሬም ስትሄዱ የሚንቀሳቀስ እጅ ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር በመታየቱና እንቅስቃሴው ከሲኒማ ይልቅ እንደ ዜና የለሰለሰ በመሆኑ ነው።

ሎረን የምትከፍተው አፍ ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ እየተከተለ ስለሆነ ከንፈሯ አልፎ አልፎ ማፈንገጡ የፊልሙ ባሕርይ ነው። ድምፁ በሙሉ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከተሰማ ብቻ አስተካክሉ፤ በረጅም አናባቢ አትመዝኑ፣ ከንፈር የሚዘጋበትን ፊደል ያዙ። «ኦ ፓትሪያ ሚያ» ስትል «ፓ» ላይ ከንፈሯ ይገጥማል። በቪኤልሲ «ጄ» እና «ኬ» ቁልፎች ድምፁን በ50 ሚሊሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መጫን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

የኡላኖቫ እግር የጠፋው በስክሪኑ ቅርጽ ነው። የ1955ቱ ፊልም ወርዱ የቁመቱ 1.37 እጥፍ ነው፤ የዛሬ ቴሌቪዥን ግን 1.78 ነው። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ጎን እንዳይታይ ምስሉን ካሳደገው ከቁመቱ 23 በመቶ ያህል ይጥላል። ባሌት ደግሞ ከጣት እስከ ጣት የሚነበብ ጥበብ ነው፤ ያ 23 በመቶ ፖዋንቱ (በጣት ጫፍ መቆሙ) እና ክንዱ ነው። በቴሌቪዥኑ ወይም በፕሮጀክተሩ ሜኑ ውስጥ «ዙም» እና «ሙሉ ስክሪን» የሚሉትን አጥፍታችሁ 4 ለ 3 ወይም «ኦሪጅናል» የሚለውን ምረጡ። በጎንና በጎን የሚታየው ጥቁር ቦታ ይሁን፣ ሰው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይረሳዋል። ብዙ ቴሌቪዥኖች ከዚህ በተጨማሪ ከአራቱም ጠርዝ ጥቂት ይበላሉ፤ ይህን የሚያስቀረው ምርጫ በምስል ገጽ ላይ ለብቻው ነው፣ እሱንም ፈልጉት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ እግሩ ካልተመለሰ ፋይሉ ራሱ ተቆርጧል፤ መጀመሪያ ላይ የሚያልፉት ስሞች ላይና ታች ከጠርዙ ጋር ከተጣበቁ ያ ነው፣ መፍትሔውም ሌላ ቅጂ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ፊቷን ብሎ የቀረበበትን ትዕይንት ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ፤ በዚህ ፊልም ውስጥ እንዲህ ያለ ብዙ አለ።

ከመቁረጥ የከፋው መለጠጥ ነው፤ ምስሉ በወርዱ በሲሶ ይሰፋል፣ ዳንሰኛዋም የማታውቀውን ክብደት ታነሣለች። ለማወቅ ክብ ነገር ፈልጉ። በድምፅ አልባ ፊልሞች ትዕይንቱን የሚዘጋው ክብ ጥቁር መጋረጃ ለዚህ ምቹ ነው፤ ግማሽ ሲዘጋ አቁሙትና ግድግዳው ላይ ወርዱንና ቁመቱን በሜትር ለኩ። እኩል ካልመጣ ማስተካከያው ገና ነው። የጽሑፍ ካርዶቹንም በዚያው ተመልከቱ። የግራው ኅዳግ ከቀኙ በግልጽ ከጠበበ፣ ወይም የመስመሩ መጀመሪያ ፊደል ከተበላ፣ ፊልሙ የድምፅ መስመር በሚያርፍበት ማተሚያ ላይ ያለጥንቃቄ የተገለበጠ ነው፤ ከግራ በኩል የጠፋው ክፍል በየትዕይንቱ ጠፍቷል፣ በማሳያው በኩል የሚመለስበት መንገድ የለም።